መስኮቱ ለምን ዘገየ?

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ርእሱን ሲያዩ፥ «የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎችንና የመኪናን መስኮት ምን አገናኛቸው?» ብለው እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ብንሆን እስካለፈው ታኅሣሥ ድረስ ስለ መኪና መስኮት የምናውቀው፥ ቁልፉን ሲጫኑት የሚወርድና የሚወጣ መሆኑን ብቻ ነበር። ነገር ግን አንድ መስኮት አልዘጋ ብሎ አንዲት በሽተኛ እናት በመንዝ ብርድ ሲንቀጠቀጡ ካየን በኋላ፥ የማያገባን ነገር ነው ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ስለዚህ በዓይናችን ያየነውን፥ ከዚያም ወዲህ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ለጓደኞቻችን እናካፍላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክፍላችን ልጆች አንዱ ዘመድ ሞቶበት ስለ ነበረ፥ ለልቅሶ አራት ሆነን ወደ መንዝ ሄድን። ከደብረ ብርሃን የተሳፈርንባት መኪና «ደብል ጋቢና» የሚሏት፥ ኋላዋ ዕቃ መጫኛ የሆነ ፒካፕ ነበረች። ከፊት ከሹፌሩ ጎን የተቀመጡት እናት በሳንባ ሕመም ሐኪም ቤት ሰንብተው ወደ አገራቸው መመለሳቸው ነበር። ጣርማ በር፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ አጠገብ ስንደርስ፥ አየር አጠረኝ ስላሉ መስኮቱ ጥቂት ወረደላቸው። መውረዱንስ ወረደ፤ ሲወጣ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ይሳብ ጀመረ፤ ከግማሽ በላይ ሲደርስም ቆመ።

ከዚያ እስከ መሐል ሜዳ ያለው አገር አብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው። ጉሙና ንፋሱ በተከፈተው በኩል እየገባ እናቲቱን ያስላቸው ነበር። በባና ተሸፋፍነው «ግዴለም ልጆቼ፥ ለምጄዋለሁ» ይሉናል። እኛ ከኋላ እጃችንን ሰደን መስታወቱን ወደ ላይ ለመሳብ ብንታገልም አልሆነልንም። ሹፌሩ በንዴት፥ «ሞተሩን እኮ ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት! ከወር ገቢዬ የሚበልጥ ገንዘብ ነው የከፈልኩበት!» አለ። ቆይቶም፥ «ምን ይደረግ፤ ደጋው ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበት ያጣል። ወደ መርሐቤቴ፥ ወደ ጀማ ስወርድ ትንሽ ይሻለዋል» አለን።

ይህች የሹፌሩ ንግግር ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አንደኛው ትክክለኛ ምልከታ ነው፥ ሁለተኛው ስሕተት የሆነ ፍርድ ነው። ሁለቱን ለመለየት ግን በመጀመሪያ በሩ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሩ ውስጥ ምን አለ?

በቀድሞዎቹ መኪኖች መስታወቱን የሚያወጣውና የሚያወርደው በእጅ የሚዞር እጀታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኃይል የሚንቀሳቀስ መስኮት ያላቸውን መኪኖች አወጣ፤ ያ ዓይነት የሚሠራው በፈሳሽ ግፊት ነበር። ዛሬ የምናየው ግን በየበሩ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ነው።

በተራው ዓይነት ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ሽቦዎች ሁለት ናቸው። ኤሌክትሪኩ በአንደኛው ገብቶ በሁለተኛው ሲወጣ መስታወቱ ይወጣል፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ይወርዳል። የመገልበጡን ሥራ የሚሠራው ጣታችን የሚጫነው ቁልፍ ነው። ሞተሩ ፈጣን፥ ጉልበቱ ግን አነስተኛ ስለ ሆነ፥ ጫፉ ላይ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ዘንግ አለ፤ ይህም ዘንግ ጥርስ ያለው መዘውር ያዞራል። በዚህ አኳኋን ፍጥነቱ ይቀንስና ጉልበቱ ይበዛል። መዘውሩ ደግሞ ዘንጉን መልሶ ለማዞር ስለማይችል፥ ቁልፉን ስንለቀው መስታወቱ በክብደቱ አይወርድም፤ ባለበት ይቆማል።

ከመዘውሩ ወደ መስታወቱ ኃይሉን የሚያደርሰው ማንሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ክንድ ሲሆን፥ ሁለተኛው በብረት ገመድ የሚስብ ነው። መስታወቱም ግራና ቀኙን የሚሄደው፥ ውስጡ እንደ ከፋይ በለሰለሰ የጎማ ቦይ ነው።

እንግዲህ መስኮት የሚዘገይበት ምክንያት ቢበዛም በሦስት ይጠቃለላል። 1ኛ፥ መስታወቱ ወይም ማንሻው ታንቆ፤ 2ኛ፥ ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ ሳይደርስ በመንገድ ቀርቶ፤ 3ኛ፥ ሞተሩ ራሱ ደክሞ፥ ይኸውም ካርቦኑ አልቆ ወይም ውስጡ ውኃ ገብቶበት። ብዙ ሰው ግን ምርመራውን የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው። ሞተሩ በሱቅ ይሸጣል፤ የመንገዱ እንቅፋት ግን በሱቅ አይሸጥም። ስለዚህ ከመፈለግ ይልቅ መግዛት ይቀላል። አባቶች ግን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ብለዋል።

ጥፋቱ የደጋው ነውን?

አሁን ወደ ሹፌሩ አሳብ እንመለስ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። መኪናውን የሚነዳው ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ስለ ሆነ፥ በተለይ አየር የሚያጭቅ ተርቦ ከሌለው፥ በመንዝ ዳገት ላይ ጉልበት ማጣቱ እርግጥ ነው። የመስኮቱ ሞተር ግን አንዳች አያቃጥልም፤ ሥራው በሽቦና በማግኔት ነው። ስለዚህ አየሩ በመሳሳቱ አይደክምም።

ይሁን እንጂ በቆላ ይሻለዋል ማለቱ ውሸት አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ መንዝና ግሼ ላይ ውርጭ ይወርዳል። በብርድ ጊዜ ጎማው ይደርቃል፤ በማንሻውና በጥርሶቹ ላይ ያለው ግራሶም ይወፍራል። በጋውን ሙሉ ከጠጠሩ መንገድ የሚነሣው አቧራ በጎማው ቦይ ተጠቅጥቆ መስታወቱን ሰቅዞ ይይዛል። ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱ ጎማውንም ግራሶውንም ያላላዋል። እንግዲህ ያስቸገረው ከፍታው ሳይሆን ብርዱና አቧራው ነው። ልዩነቱም ትንሽ አይደለም፤ ከፍታን ማንም አያስተካክለውም፥ አቧራን ግን በጨርቅ መጥረግ ይቻላል።

ያለ መሣሪያ የሚደረግ ምርመራ

መሐል ሜዳ ስንደርስ በገበያው አጠገብ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን ወጣት አገኘን። ሹፌሩ ገና ከመውረዱ «ሌላ ሞተር ታገኝልኛለህ?» አለው። ወጣቱም፥ «ጋሼ፥ መጀመሪያ እንየው እንጂ፤ ሞተሩ ምን አጠፋ?» ብሎ ወደ መኪናዋ መጣ። ካቻቢቴ እንኳ ሳያነሣ ያደረጋቸው ነገሮች አራት ናቸው። ማናችንም ልናደርጋቸው ስለምንችል በየተራ እንጽፋቸዋለን።

1ኛ/ ሁሉንም መስኮቶች ሞከረ። ሁሉም የሚዘገዩ ቢሆን ጥፋቱ የጋራ ከሆነው፥ ከባትሪው፥ ከዲናሞው ወይም ከዋናው ሽቦ ነበር። የዘገየው አንዱ ብቻ ስለ ሆነ ባትሪው ነጻ ወጣ። ደህና ባትሪ መኪናው ጠፍቶ ሳለ 12.6 ቮልት ያህል፥ መኪናው ሲነሣ ደግሞ 14 ቮልት ያህል ስለሚገኝበት፥ ማንኛውም መስኮት መኪናው ተነሥቶ ሳለ ፈጠን ማለቱ የተለመደ ነው።

2ኛ/ ያንኑ መስኮት በራሱ በር ላይ ባለው ቁልፍና በሹፌሩ በር ላይ ባለው ቁልፍ አፈራረቀ። በአንደኛው ደህና፥ በሌላው ዘገምተኛ ቢሆን ኖሮ የቁልፉ መገናኛ ተቃጥሏል ማለት ነው። በሁለቱም ያው ሆነ።

3ኛ/ መስታወቱ የት ላይ እንደሚዘገይ ተመለከተ። በእጅ ሲያግዙት መፍጠኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የደከመ ሞተርም ሲታገዝ ይፈጥናልና። መታየት ያለበት ግን ይህ ነው፦ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ወይም ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ከሆነ መሄጃው ታንቋል፤ ከታች ጀምሮ እኩል የሚዘገይ ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩን መጠርጠር ይገባል። የኛው ከታች ጀምሮ ይዘገይ ነበር፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲቃረብ ደግሞ ይብስበታል። ወጣቱ «ሁለት በሽታ ሳይኖርበት አይቀርም» ያለው በዚህ ጊዜ ነው።

4ኛ/ መኪናዋን አጥፍቶ፥ የጋቢናውን መብራት አብርቶ፥ የመስኮቱን ቁልፍ እየተጫነ መብራቱን አየ። ሞተር ታንቆ ሲታገል ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ መብራቱ ፈዘዝ ይላል። መብራቱ ምንም ሳይፈዝ መስኮቱ ከዘገየ ግን ሞተሩ የሚበቃውን ኤሌክትሪክ አላገኘም ማለት ነው። የኛዋ መብራት እንዳለች ቀረች። ወጣቱም ፈገግ ብሎ፥ «ሞተሩ ሰነፍ አይደለም ጋሼ፤ እርቦታል» አለ።

በዕረፍትና በሥራ መካከል ያለው ልዩነት

ሹፌሩ ግን አላመነም። «ሞተሩን የቀየሩልኝ ሰዎች እኮ በቴስተር ለክተው፥ 12 ቮልት አለ፥ ሽቦው ደህና ነው ብለውኝ ነው» ሲል ተከራከረ። ወጣቱም፥ «ሶኬቱን ነቅለው ነው የለኩት ወይስ እንደ ተሰካ?» ሲል ጠየቀ። ነቅለው ነበር።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን። ጌኦርግ ኦም የተባለው የጀርመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት፥ በሽቦ ላይ የሚቀረው ቮልት የሚገኘው የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ በሽቦው እንቅፋት ሲባዛ ነው። መስታወቱን ለማንሣት 8 አምፔር የሚስብ ሞተር በመንገዱ ላይ የግማሽ ኦም እንቅፋት ቢያጋጥመው 4 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ከ12 ቮልት ለሞተሩ የሚደርሰው 8 ብቻ ይሆናል። ሶኬቱ ተነቅሎ ሲለካ ግን የሚፈስስ ኤሌክትሪክ የለም ለማለት ይቻላል፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነውና በመንገድ የሚቀር ነገር አይኖርም። ቴስተሩም ሳይዋሽ 12 ይላል።

ይህ ነገር በቦኖ ውኃ ሊመሰል ይችላል። ከቦኖው የተቀጠለ ጎማ መካከሉ ላይ ቢታጠፍ፥ ጫፉን በአውራ ጣት ደፍነን ብንይዘው ግፊቱ ቀስ በቀስ ሙሉ ይሆናል፤ ጣታችንን የሚገፋ ውኃ አለ። ጣታችንን ስናነሣ ግን የሚወርደው ጠብታ ነው። ስለዚህ የጎማው ደህንነት የሚታወቀው ውኃ ሲቀዱበት እንጂ ተደፍኖ ሳለ አይደለም። ሽቦም እንዲሁ መመዘን ያለበት በሥራ ላይ ሳለ ነው።

ወጣቱ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ፥ የበሩን ልባስ ብሎኖች በካቻቢቴ አወለቀ። ውስጡ ያለውን የላስቲክ ሽፋን ሳይቀድ ገለጥ አደረገና ኔጋቲቩን መልሶ አሰረ። የቴስተሩን ሁለት መርፌዎች ሶኬቱ እንደ ተሰካ ከጀርባው አስገብቶ «ተጫን» አለ። ባትሪው ላይ 12 ቮልት ከጥቂት ነበረ፤ ሞተሩ ላይ የታየው ግን 8 ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ፍለጋው ረዥም አልነበረም። በበሩና በመኪናው አካል መካከል፥ በማጠፊያው አጠገብ ሽቦዎቹ የሚያልፉበት የጎማ ቱቦ አለ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር እዚያ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ። በቀን ስንት ጊዜ ሰው የሚያወርድና የሚጭን መኪና መሆኑን ማሰብ ነው። ወጣቱ ጎማውን ሲያንሸራትተው፥ ከሁለቱ ሽቦዎች የአንደኛው ላስቲክ ተሰንጥቆ፥ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች አብዛኞቹ ተበጥሰው፥ የቀሩትም አረንጓዴ ዝገት ለብሰው አገኘናቸው። በጣት ሲነካ ቦታው ይሞቅ ነበር። 8 አምፔር በ4 ቮልት ሲባዛ 32 ዋት ነው፤ መስታወቱን ማንሣት የነበረበት ኃይል ሽቦውን ሲያሞቅ ኖሯል ማለት ነው።

ጥገናው

ኔጋቲቩ እንደ ገና ተፈታ። የተበላሸው ተቆርጦ ወጣ፤ በውፍረት የሚተካከለው፥ ለመታጠፍ የሚበቃ ርዝመት ያለው ሽቦ ተቀጥሎ ተበየደ፤ ተሸፍኖም ወደ ጎማው ተመለሰ። መስኮቱ በዚያን ጊዜ ፈጥኖ ወጣ፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲቃረብ ግን አሁንም ያዝ አደረገው። ሁለተኛው በሽታ ይህ ነበር። ወጣቱ በቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ በሳሙና ውኃ እየነከረ የጎማውን ቦይ ጠረገ። የወጣው የመንዝ አፈር ጨርቁን ሦስት ጊዜ አስቀየረው። ከደረቀ በኋላ የሲሊኮን ቅባት ነፋበት። መስኮቱም ያለ ምንም ማመንታት ተዘጋ።

ይህን ሥራ ለመሞከር ለሚያስብ ጓደኛ የሚከተሉትን ማሳሰብ ግዴታችን ነው።

ለጎማው ናፍጣ፥ የተቃጠለ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት የተለመደ ቢሆንም ጉዳት ነው። ጎማውን ያሳብጠዋል፤ አቧራውንም ይሰበስባል። ግራሶ የሚገባው በብረቱ ማንሻ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ነው።

ማንሻው ወይም ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት መስታወቱ ወደ ላይ ወጥቶ በጠንካራ ፕላስተር ከበሩ ጋር መያዝ አለበት። በመቀሱ ዓይነት ማንሻ ላይ የተጠመጠመ ጠንካራ ሞላ ስላለ፥ ሞተሩ ሲወጣ ክንዱ ተፈናጥሮ ጣት ሊሰብር ይችላል። እጅ በበሩ ውስጥ ሳለ ማንም ቁልፉን እንዳይነካ ያስፈልጋል።

ፊውዙ ቢቃጠል በልኩ እንጂ ከፍ ባለ መተካት ወይም በሽቦ ማሰር እሳት መጥራት ነው። የላስቲኩ ሽፋንም እንደ ነበረ ሳይመለስ ከቀረ የክረምቱ ዝናብ ወደ ጋቢናው ይገባል።

በሥራ ላይ ሳለ ሲለካ ሞተሩ ዘንድ የሚደርሰው ቮልት ከባትሪው ከ1 ቮልት ባልበለጠ ቢያንስ፥ መስታወቱና ማንሻውም ያለ ችግር የሚሄዱ ቢሆኑ፥ ያን ጊዜ በእውነት ጥፋተኛው ሞተሩ ነው፤ ይቀየር። እኛ መቀየርን አንቃወምም፤ የምንቃወመው ሳይመረምሩ መቀየርን ነው።

የተነሣንበት ጉዳይ

ሥራው ካለቀ በኋላ ሹፌሩ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር አውጥቶ ለወጣቱ ሰጠው። ባለፈው ወር የተነቀለው የፊተኛው ሞተር ነበር። ወጣቱ በሁለት ሽቦ ከባትሪው ጋር ሲያገናኘው ዞረ፤ በደንብ ዞረ። ያም ሞተር ደህና ነበር ማለት ነው። ሹፌሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየውና፥ «እንግዲህ ይህን ለቤቴ እንዴት እነግራታለሁ?» አለ። ማናችንም አልሳቅንም።

ወጣቱ የጠየቀው ዋጋ ለሻይና ለዳቦ ከሚሆን ብዙም አይበልጥም። ሹፌሩ እጥፍ አድርጎ ሰጠው። እናቲቱም «እጅህ ይባረክ ልጄ» ብለው ሲመርቁት እኛ አራታችን ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች ቆመን እናይ ነበር። ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኦምን ሕግ ተምረን ለፈተና ጽፈናል። ነገር ግን መኪናው ውስጥ ሆነን መስታወቱን በእጃችን ስንጎትት ከአራታችን አንዱ እንኳ አላስታወሰውም።

አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። መኪናው በዝቷል፤ ባለ እጅን መናቁ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬ ስድቡ ቀርቶ እንደ ሆነ፥ «ይህ የኔ ሥራ አይደለም» የሚለው ኩራት በቦታው ተተክቷል። የሹፌሩን የወር ገቢ የበላው ይህ ነው ባንልም፥ ጥቂት የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ «ሶኬቱን ሳትነቅሉ ለኩልኝ» ብሎ ለመጠየቅ ይችል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ አንድ ሞተር ግን ታተርፋለች።

ደግሞም ከዚህ ትምህርት ለራሳችንም የሚሆን አለ። ከገጠር የመጣ ጓደኛችን በክፍል ውስጥ ሲዘገይ «ደካማ ነው» ለማለት እንቸኩላለን፤ በዕረፍት ሰዓት ስናየው እንደኛው የሚሥቅና የሚጫወት ስለ ሆነ፥ ሌላ ምክንያት ያለው አይመስለንም። ማታ በምን መብራት እንደሚያነብ፥ ምን በልቶ እንደሚያድር ግን አልጠየቅንም። ሰውም በሥራ ላይ ሳለ ይታይ።

በመጨረሻ አንድ አሳብ ለማኅበራችን እናቀርባለን። የምሕንድስና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ፈቃዳቸው ቢሆን፥ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሌሎች ፋኩልቲዎች ተማሪዎች የቴስተር አያያዝንና የመሳሰለውን ቢያሳዩን፥ እኛም በበኩላችን የማመልከቻና የሪፖርት አጻጻፍ ብናሳያቸው መልካም ነው እንላለን። መሐል ሜዳ ላይ የተዋረድነው ይበቃናል። እናቲቱ ግን በዚያን ዕለት መስኮታቸው ተዘግቶ፥ ባናቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፥ ሳያስላቸው ቤታቸው ገብተዋል።